ልድገመው ወይስ በያዝኩት ላመልክት? የአንዲት ተማሪ የኤምካት ውሳኔ

ለምን ጻፍኩት

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ባሉ የሐበሻ ቤቶች ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ጁን ላይ ይነሳል። ልጅ ኤምካት የሚባለውን የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ትወስዳለች። ከወር በኋላ ውጤቱ ይመጣል። ውጤቱ መጥፎ አይደለም፤ ጥሩም አይደለም። ከዚያ ቤቱ በሙሉ ይጨነቃል። ትድገመው? በያዘችው ታመልክት? አንድ ዓመት ትጠብቅ?

እኔ የቤተሰብ ሐኪም ነኝ። ከጥቂት የሙያ ጓደኞቼ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ሕክምና መማር የሚፈልጉ ልጆችን እናማክራለን። ብዙ ልጆች መጥተው ሄደዋል። የዚህችኛዋን ጉዳይ የመረጥኩት ጥሩ የሠራነውም የተሳሳትነውም ቁልጭ ብሎ ስለሚታይበት ነው። ልጅቷና እናቷ እንድጽፈው ፈቅደውልኛል። ስማቸውን፣ የተማረችበትንና የገባችበትን ትምህርት ቤት አልጠቅስም።

ልጅቷና ቤቷ

አሜሪካ የመጣችው በ13 ዓመቷ ነው። ለእናቷ ዲቪ ደርሷቸው ከታናሽ ወንድሟ ጋር ይዘዋቸው መጡ። እንግሊዝኛን በደንብ የያዘችው እዚህ ከመጣች በኋላ ነው። ሁለተኛ ደረጃን ሲልቨር ስፕሪንግ ጨርሳ ሁለት ዓመት ኮሚኒቲ ኮሌጅ ተማረች። ከዚያ ወደ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተዛውራ በባዮሎጂ ተመረቀች። ጂፒኤዋ 3.6 ነበር።

እናትየው በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ፈረቃ ይሠራሉ። እሷም ሲኤንኤ (ረዳት ነርስ) ሆና እዚያው አካባቢ በሳምንት 40 ሰዓት ትሠራ ነበር። የቤት ኪራዩን ግማሽ የምትከፍለው እሷ ናት። ይህን የማነሳው ለማሳዘን አይደለም። የማጥናት አቅሟን የሚወስነው ዋናው ነገር ይህ ስለነበር ነው። እኛ አማካሪዎቹ ግን መጀመሪያ ላይ አልጠየቅናትም።

ከሥራዋ ውጪ በአንድ ነጻ ክሊኒክ ለአማርኛ ተናጋሪ ታካሚዎች ታስተረጉም ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየሁለት ሳምንቱ። ማመልከቻዋ ላይ ከሁሉም የሚያምረው ይህ ነበር።

ፈተናው ምን ዓይነት ነው

ኤምካት አራት ክፍሎች አሉት። እያንዳንዱ ክፍል ከ118 እስከ 132 ነጥብ ይሰጣል። ድምሩ ከ472 እስከ 528 ይሆናል፤ መሀሉ 500 ነው። ሦስቱ ክፍሎች ሳይንስ ናቸው። አንደኛው የኬሚስትሪና የፊዚክስ፣ ሌላው የባዮሎጂና የባዮኬሚስትሪ፣ ሦስተኛው የሥነ ልቦናና የኅብረተሰብ ነው። አራተኛው ካርስ ይባላል፤ ንጹሕ የንባብ ፈተና ነው። በጠቅላላው 230 ጥያቄ አለ። ከእረፍቱ ጋር ሰባት ሰዓት ተኩል ያህል ያስቀምጣል።

ወላጆች ይህን ፈተና በማትሪክ ዓይን ያዩታል። በእናትየው ዘመን ማትሪክ ማለት ነጥብ መጣ ወይም አልመጣ ነው። ኤምካት ግን ማለፊያ ነጥብ የለውም። ኤም.ዲ. የሚባለውን የሐኪም ዲግሪ ወደሚሰጡ ትምህርት ቤቶች የገቡ ተማሪዎች አማካይ 511 እና 512 አካባቢ ነው። ይህ ግን አማካይ እንጂ በር አይደለም፤ ከዚያ በታች ይዘው የሚገቡ ብዙ ናቸው። በ2023 ወደነዚሁ ትምህርት ቤቶች ለመግባት ካመለከቱት ከ52 ሺህ በላይ ሰዎች የገቡት 23 ሺህ ያህሉ ናቸው።

ድገማ ገደብ አለው። በአንድ ዓመት 3 ጊዜ፣ በተከታታይ ሁለት ዓመት 4 ጊዜ፣ በዕድሜ ልክ 7 ጊዜ ብቻ ነው የሚፈቀደው። የተወሰደው ውጤት ሁሉ ለትምህርት ቤቶቹ ይታያል። አንዳንዱ ትምህርት ቤት ትልቁን ያያል፣ አንዳንዱ የመጨረሻውን፣ አንዳንዱ አማካዩን። ስለዚህ ድገማ በነጻ የሚሞከር ዕድል አይደለም። ሁለተኛው ዝቅ ካለ አብሮ ይኖራል።

ችግሩ

ፈተናውን የወሰደችው ሜይ መጨረሻ ላይ ነው። ውጤቱ ጁን መጨረሻ መጣ፤ 503። ሲዘረዘር ኬሚስትሪና ፊዚክስ 127፣ ካርስ 122፣ ባዮሎጂ 128፣ ሥነ ልቦና 126።

ለሁለት ሳምንት ለማንም አልተናገረችም። እናቷ በየቀኑ «ውጤት አልመጣም እንዴ?» ይሏታል፤ እሷ «ገና ነው» ትላለች። ወደኛ የመጣችው ጁላይ አጋማሽ ላይ ነው። ያ ሁለት ሳምንት ዋጋ ነበረው። የማመልከቻው ሥርዓት ሜይ ላይ ይከፈታል፤ ከሜይ መጨረሻ ወይም ከጁን መጀመሪያ ጀምሮ ማስገባት ይቻላል። ትምህርት ቤቶቹ እየመጣላቸው እያነበቡ ቦታ ስለሚሰጡ ቀድሞ ያስገባ ይጠቀማል።

መጀመሪያ ያወራሁት ከእናቷ ጋር ነው። ከቅዳሴ በኋላ ይዘውኝ ቆሙ።

«ዶክተር፣ ወደቀች ማለት ነው?»

አልወደቀችም አልኳቸው። ይህ ፈተና መውደቅ የለውም፤ ከግማሹ ተፈታኝ በላይ ናት።

«ታዲያ ለምን ታለቅሳለች?»

መልስ የሚፈልግ ጥያቄ ነበር። የምታለቅሰው 503 ስላመጣች ብቻ አይደለም። አንድ ዓመት ሙሉ ከሥራ መልስ እስከ እኩለ ሌሊት አጥንታ፣ ወደ 2 ሺህ ዶላር ለማስጠኛ ኮርስ ከፍላ፣ ያገኘችው ይህ ስለሆነ ነው። በዚያ ላይ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ያገኛት ሁሉ «ዶክተራችን፣ መቼ ትጀምሪያለሽ?» ይላታል። ሰው በፍቅር ነው የሚለው። ለእሷ ግን እያንዳንዷ ጥያቄ ድንጋይ ነበረች።

ሦስቱ መንገዶች

ጠረጴዛ ላይ ሦስት ምርጫ አስቀመጥን።

አንደኛው በ503 ወዲያው ማመልከት። ሁለተኛው ኦገስት መጨረሻ ወይም ሴፕቴምበር ላይ ደግማ በዚያው ዓመት ማመልከት። ሦስተኛው ዓመቱን አሳልፎ፣ ፈተናውን ደግሞ፣ በሚቀጥለው ጁን በመጀመሪያው ሳምንት ማመልከት።

ሁለተኛውን ቶሎ ጣልነው። ሴፕቴምበር የተወሰደ ፈተና ውጤቱ ኦክቶበር ይመጣል። ያኔ ብዙ ቦታ የቃለ መጠይቅ ጥሪ ተጀምሯል። ከዚያም በላይ፣ በስድስት ወይም በስምንት ሳምንት ውስጥ 40 ሰዓት እየሠራች ምን ልትለውጥ ትችላለች? እሷ የወደደችው ይህን ነበር። ቁስሉ ትኩስ ሲሆን ሰው ቶሎ መመለስ ይፈልጋል።

አንደኛውንና ሦስተኛውን ለመለየት አንድ ጥያቄ ጠየቅኳት። ከፈተናው በፊት የወሰድሻቸው የልምምድ ፈተናዎች ስንት ስንት ነበሩ?

502 እና 504። ሁለቱም ፈተናውን የሚያዘጋጀው የአሜሪካ ሕክምና ኮሌጆች ማኅበር ያወጣቸው ናቸው። ሦስተኛው የአንድ ኩባንያ ልምምድ ሲሆን 499 ነበር።

ለእኔ ጉዳዩ የተገለጠው እዚህ ላይ ነው። 503 ድንገተኛ አልነበረም። ያን ቀን አልታመመችም፣ እንቅልፍ አላጣችም፣ አልደነገጠችም። ልምምዱ የነገራትን ነው ያገኘችው። እሷ ግን የፈተናው ቀን 510 ይመጣል ብላ ተስፋ አድርጋ ገባች። «ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያውቃል ብዬ ነው» አለችኝ። እምነቷን አከብራለሁ። ሆኖም ልምምድ ላይ ያልታየ ነጥብ ፈተና ላይ እምብዛም አይታይም።

ማኅበሩ ራሱ ስለ ደጋሚዎች የሚያወጣው መረጃ አለ። ሲደግሙ ብዙውን ጊዜ የሚጨምረው 2 ወይም 3 ነጥብ ገደማ ነው። ውጤቱ ራሱም ወደ ላይም ወደ ታችም በ2 ነጥብ ሊዋዥቅ እንደሚችል ተጽፎበት ነው የሚመጣው። ማለትም ያንኑ አጠናን ይዛ ብትደግም 501 ወይም 505 ብታመጣ የሚገርም አይሆንም። በ505 ምን ይለወጣል? ለእሷ ምንም።

ስለዚህ «ልድገም ወይ?» የሚለውን ትተን «ምን ልለውጥ እችላለሁ?» ወደሚለው ዞርን። የሚለወጥ ነገር ከሌለ በያዘችው ታመለክታለች፤ ካለ ትደግማለች።

ካርስ ላይ ምን ሆነች

ቁጥሮቹን ለሚያይ ሰው መልሱ ግልጽ ነው። ሦስቱ የሳይንስ ክፍሎች ደህና ናቸው። ካርስ 122 ነው። ከሌሎቹ በ4፣ በ5 እና በ6 ነጥብ ያንሳል። ድምሩ ጥሩ ሆኖ እንኳ አንድ ክፍል እንዲህ ሲወርድ ብዙ ትምህርት ቤት ያቅማማል።

ከእውነተኛው ፈተና በኋላ ጥያቄዎቹ ተመልሰው አይሰጡም፤ ቁጥር ብቻ ነው የሚመጣው። ስለዚህ የልምምዶቹን ካርስ ከፈትን። 53 ጥያቄ፣ 9 ምንባብ፣ 90 ደቂቃ። ለአንድ ምንባብ 10 ደቂቃ ማለት ነው። የመጀመሪያው ልምምድ ላይ ያገኘችው 28 ብቻ ነበር። ያንኑ ፈተና ያለ ሰዓት እንደገና እንድትሠራው ጠየቅኳት። መልሱን አላየችም፤ ፈተናውም ከተወሰደ አምስት ወር አልፎታል። 39 አገኘች።

ይህ 11 ጥያቄ ብዙ ነገር ተናገረ። ማንበብ ትችላለች። የሚያጥራት ጊዜ ነው። ሰዓቷን ስናይ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ምንባቦች 14፣ 14 ደቂቃ ትፈጅ ነበር። ለቀሩት ስድስት የሚቀራት 48 ደቂቃ ነው። መጨረሻዎቹን ሁለት በጥድፊያ ትነካካለች። ለምን 14 ደቂቃ? እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ሁለቴ ስለምታነብ ነው። በልጅነቷ አንዲት ቃል እንዳታመልጠኝ ብላ የለመደችው ነው። በአዲስ ቋንቋ ትምህርት የጀመረ ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ልማድ ነው።

የቀሩት 14 ስህተቶች ደግሞ ሌላ ታሪክ ነበራቸው። አብዛኞቹ ላይ የመረጠችው መልስ በዓለም ላይ እውነት ነው፤ ምንባቡ ውስጥ ግን የለም። ወይም ጸሐፊው በግልጽ የተናገረውን ትታ የተደበቀ ትርጉም ስትፈልግ ተገኘች። እኛ ሰሙን ገልጠን ወርቁን እንድንፈልግ ሆነን ነው ያደግነው፤ ብልህ ሰው የተባለውን ሳይሆን የታሰበውን ይሰማል ይባላል። ካርስ ግን የሚጠይቀው በአብዛኛው ሰሙን ነው። ሰውዬው ምን አለ? በምን ደገፈው? ቀጥሎ ምን ይከተላል?

ይህን ሳሳያት ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ «ስለዚህ ደደብ ስለሆንኩ አይደለም» አለች። አይደለም ልጄ፣ አልኳት። ያን ቀን ነው ለመድገም የወሰነችው። እኔም የተስማማሁት ያን ቀን ነው። የሚለወጠው ነገር ምን እንደሆነ ስላወቅን።

የሠራው

ከሁሉም በላይ የሠራው እሷ ራሷ የፈጠረችው ዘዴ ነው። በየቀኑ ስለ ታሪክ፣ ስለ ፍልስፍና ወይም ስለ ሥዕል የተጻፈ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ታነባለች። አንዴ ብቻ። ከዚያ ጽሑፉን ዘግታ ጸሐፊው የሚለውን በአማርኛ በአንድ ወይም በሁለት ዓረፍተ ነገር ትናገራለች። የምትናገረው ለእናቷ ነው። እናትየው ለሥራ ሲዘጋጁ፣ ቡና ፉት እያሉ፣ «ታዲያ ሰውየው ምን ነው የሚለው?» ይሏታል።

በእንግሊዝኛ ስታጠቃልል የጸሐፊውን ቃላት መልሳ መድገም ትችል ነበር፤ የገባት ይመስላታል። በአማርኛ ግን ቃል መቅዳት አይቻልም። ካልገባት ምላሷ ይያዛል። እናትየው ደግሞ ምሕረት የላቸውም። «አልገባኝም፣ እንደገና ንገሪኝ» ይላሉ። አንድ ቀን ስለ ሙዚየሞች የተጻፈ ነገር ስትነግራቸው «ይኼማ ሰውየው ያለው ነው ወይስ አንቺ ያልሽው?» ብለው ጠየቋት። ካርስ የሚጠይቀው በትክክል ይህንኑ ነው። አራት ወር ያህል እንዲህ ቀጠሉ።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። በቀን ሦስት ምንባብ፣ ለእያንዳንዱ 10 ደቂቃ፣ ሲደወል ማቆም። ያላለቀ ጥያቄ ይገመታል። ኤምካት ለተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀንስም፤ ባዶ መተው ነው ኪሳራው። መጀመሪያ ላይ ውጤቷ ወረደ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ተመለሰ። በዚያ መሀል ሁለቴ ልትተወው ነበር።

ሦስተኛው የስህተት ደብተር ነው። የተሳሳተችውን እያንዳንዱን ጥያቄ ከሦስት በአንዱ ሥር ትጽፋለች፦ የማላውቀው፣ እያወቅኩ የሳትኩት፣ ጊዜ ያጠረኝ። ሳይንሱ ላይ «የማላውቀው» የሚለው ከጠበቀችው በጣም ያነሰ ሆነ። አንድ ዓመት ሙሉ ስታጠና የኖረችው ግን እሱን ነበር።

ገንዘቡም ሊነሳ ይገባዋል። የመጀመሪያውን ፈተና ሙሉ ከፍላ ነው የወሰደችው፤ ከ300 ዶላር በላይ ነው። ማኅበሩ ገቢያቸው ዝቅ ላሉ ቤተሰቦች የክፍያ እርዳታ እንዳለው አታውቅም ነበር። እርዳታው የፈተናውን ክፍያ ከግማሽ በታች ያወርደዋል፤ የማኅበሩን የልምምድ ፈተናዎች በነጻ ይሰጣል፤ እስከ 20 የሕክምና ትምህርት ቤት ድረስ የማመልከቻውን ክፍያ ይሸፍናል። ወደ ኋላ ተመልሶ የተከፈለን ግን አይመልስም። ስለዚህ ከመመዝገብ በፊት ነው መጠየቅ ያለበት። ዕድሜዋ ከ26 በታች ስለነበር የእናቷንም የገቢ ማስረጃ አስገባች። ተፈቀደላት።

ጊዜ ለማግኘት የሥራ ሰዓቷን ከ40 ወደ 24 ለሦስት ወር አወረደች። የጎደለውን ኪራይ የሸፈነው የእናትየው እቁብ ነው። ተራቸው ሩቅ ነበር። ከአንዲት ጓደኛቸው ጋር ተራ ተቀያይረው ጃንዋሪ ላይ ወሰዱ። እኔ ስንት የጥናት ምክር ሰጥቻለሁ፤ ይህን ያህል የጠቀማት ግን የለም።

ያልሠራው

የመጀመሪያው ስህተት የእኔ ነው። ጃንዋሪ ላይ እንድትፈተን ያልኳት እኔ ነኝ። ቶሎ ካለቀላት ለማመልከቻው ትረጋጋለች ብዬ ነበር። ዲሴምበር ላይ ልምምድ ስትወስድ 504 እና 505 አመጣች። የሥራ ሰዓቷ ገና አልቀነሰም፤ የካርሱም ልምምድ ገና አንድ ወሩ ነበር። ቀኑን ወደ ኤፕሪል አዛወርነው። ፈተናው 10 ቀን ሲቀረው ማዛወር አይቻልም፤ ወደ ቀኑ በተጠጋ ቁጥርም ክፍያው ይጨምራል። እኛ ጊዜ ነበረን። ግን በአካባቢው ያሉ ማዕከሎች ሞልተው ነበር። ያገኘችው ቦታ በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል የሚያስኬድ ነው። ማታውን ሄዳ ዘመድ ቤት አደረች።

የማስታወሻ ካርዶች ሌላው ነበሩ። በኮምፒውተር ከሰው የወሰደቻቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ካርዶች ነበሯት። በየቀኑ ሦስት ሰዓት ይበሉባታል። አንድ ቀን ካመለጣት ይከመራሉ። ሁሉንም ትታ ከስህተት ደብተሯ የወጡትን ብቻ፣ ጥቂት መቶ ካርድ፣ ያዘች።

ከሁለት ጓደኞቿ ጋር በዙም ማጥናትም አልሆነም። በሁለተኛው ሳምንት ውይይቱ ስንት አመጣሽ፣ ስንት አመጣህ ሆነ። ከዚያ ቀን በኋላ ሌሊት አልተኛችም። በጨዋነት ወጣች።

ኮርሱን በተመለከተ፣ ቪዲዮው መጥፎ አልነበረም። ችግሩ ማየት የማጥናት ያህል ስለሚያደክም ያጠናች ይመስላት ነበር። ለድገማው ምንም አዲስ ኮርስ አልገዛችም።

የመሄድና ያለመሄድ መስመር

ፌብሩዋሪ ላይ አንድ ወረቀት ላይ ጽፈን ተፈራረምን። ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው የመጨረሻዎቹ ሦስት የማኅበሩ ልምምዶች አማካይ 508 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ትገባለች። ካልሆነ ቀኑን ታዛውራለች። 508 ያልነው ከ503 በ5 ስለሚርቅ ነው። 2 ነጥብ ቢዋዥቅ እንኳ ከመጀመሪያው አይወርድም።

አራት ልምምድ ወሰደች። የመጀመሪያው 507፣ ቀጥሎ 510፣ 508፣ 510። ገባች።

ወረቀቱ ላይ ሌላም መስመር ነበር። ፈተናው ሲያልቅ ስክሪኑ ላይ ይታረምልኝ ወይስ ይሰረዝልኝ የሚል ጥያቄ ይመጣል። ለመወሰን ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይሰጣል። የተሰረዘ ፈተና ውጤት አይወጣለትም፤ ግን ከ7ቱ ይቆጠራል። እኛ የጻፍነው «ካልታመምኩ ወይም አንድ ክፍል ሙሉ ካላመለጠኝ አልሰርዝም» የሚል ነው። የፈተናው ቀን የኬሚስትሪና የፊዚክስ ክፍል በጣም ከበዳት። ሰባት ሰዓት ያህል ተቀምጣ፣ ደክማ፣ ያ ጥያቄ ሲመጣ እጇ ወደ መሰረዙ ሄዶ ነበር አለችኝ። ወረቀቱ ትዝ አላት። አልሰረዘችም።

ሜይ ላይ ውጤቱ መጣ፤ 509። ኬሚስትሪና ፊዚክስ 128፣ ካርስ 126፣ ባዮሎጂ 128፣ ሥነ ልቦና 127። ፈተናውን ሊያሰርዛት የነበረው ክፍል ከመጀመሪያው በ1 ጨምሯል። ካርስ በ4 ጨምሯል። በዚህ ጊዜ መጀመሪያ የነገረችው ለእናቷ ነው፤ ለሊት ፈረቃ ላይ ደውላ።

ከዚያ በኋላ

ጁን በመጀመሪያው ሳምንት አመለከተች። ለ20 የኤም.ዲ. እና ለ8 የዲ.ኦ. (ሌላው የአሜሪካ የሐኪም ዲግሪ) ትምህርት ቤቶች። ከኤም.ዲ. ሁለት፣ ከዲ.ኦ. ሦስት ቦታ ለቃለ መጠይቅ ተጠራች። አንደኛው ኤም.ዲ. አልተቀበላትም። ሌላው ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ አስገባት፤ እስከ መጨረሻው አልደወለም። ሁለት የዲ.ኦ. ትምህርት ቤቶች ተቀበሏት። በአንዱ እየተማረች ነው።

በማኅበረሰባችን ውስጥ «ዲ.ኦ. ሙሉ ሐኪም አይደለም» የሚል ወሬ አለ። ስህተት ነው፤ ብዙ ልጆችንም ይጎዳል። ዲ.ኦ. በሁሉም የአሜሪካ ግዛቶች ሙሉ የሕክምና ፈቃድ ያገኛል፣ ቀዶ ጥገናም ይሠራል፣ መድኃኒትም ያዝዛል። ከ2020 ጀምሮ ደግሞ የኤም.ዲ. እና የዲ.ኦ. የስፔሻሊቲ ሥልጠና በአንድ የእውቅና ሥርዓት ሥር ነው። የዲ.ኦ. ትምህርት ቤቶች የኤምካት አማካይም ከኤም.ዲ. ዝቅ ያለ ነው።

ይህ ወደ ከባዱ ጥያቄ ያመጣኛል። በ503 ብታመለክት ኖሮ እዚያው ትምህርት ቤት ከአንድ ዓመት በፊት ትገባ ነበር? ልትገባ ትችል ነበር። ያን ጁላይ ሦስቱን መንገዶች ስናስቀምጥ ዲ.ኦ. በደንብ አላነሳነውም። እናትየው አያውቁትም፣ እሷ ትፈራዋለች፣ እኔ ደግሞ ማስረዳቱን ለሌላ ቀን ተውኩት። ለአንድ ቤተሰብ አንድ ዓመት ትልቅ ገንዘብ ነው። ካርስ 122 ሆኖ ያስቸግራት ነበር የሚለው ግምቴ አሁንም አለ። ግን ያን ቀን ቢያንስ ለአምስት የዲ.ኦ. ትምህርት ቤቶች መላክን እንደ አራተኛ መንገድ ጠረጴዛው ላይ ማስቀመጥ ነበረብኝ። እሷን ስጠይቃት አትቆጭም። ትምህርት ቤት የሚሰጣት ረጃጅም የታካሚ ታሪክ ሲመጣ አንዴ አንብባ ዋናውን መያዝ መቻሏን ትናገራለች። ያ የእሷ መልስ ነው፤ የእኔን ስህተት ግን አይሰርዘውም።

ለሌሎች የሚያገለግል

ከዚህ ጉዳይ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ የምንጠይቀው ቅደም ተከተል ተለወጠ። መጀመሪያ የልምምድ ውጤቶቹን እናያለን። ፈተናው ከልምምዱ በ4 ወይም በ5 ወርዶ ከመጣ ያን ቀን አንድ ነገር ተፈጥሯል ማለት ነው፤ መድገም ብዙ ጊዜ ያዋጣል። እኩል ከመጣ ግን የአጠናኑ መንገድ ካልተለወጠ ቁጥሩም አይለወጥም። ቀጥሎ ክፍሎቹን ለየብቻ እናያለን። አንድ ክፍል ብቻ የወደቀበት ልጅና አራቱም እኩል የሆኑለት ልጅ ድምራቸው አንድ ቢሆንም ጉዳያቸው አንድ አይደለም። ከዚያ ስለ ሥራ ሰዓትና ስለ ኪራይ በግልጽ እንጠይቃለን። ልጅ በራሱ አያወራውም፤ ያፍራል።

ወላጆችን ደግሞ አብረው እንዲመጡ እንጠይቃለን። እንግሊዝኛ ባይችሉም፣ ሳይንስ ባያውቁም። «ሰውየው ምን ነው የሚለው?» ማለት ማንም እናት ትችላለች።

መድገም የሌለበት ሰውም አለ። ከእሷ ቀጥሎ በነበረው ዓመት አንድ ልጅ 512 ይዞ መጣ። አራቱም ክፍሎች 128 ነበሩ። ልምምዶቹም 511፣ 513 እና 512። 518 ካላመጣሁ አለ። የሚለወጥ ነገር ፈልገን አጣን። ሥራ የለውም፣ ጊዜውን ሁሉ ያጠናል፣ የወደቀ ክፍል የለውም። በያዝከው አመልክት አልኩት። ይልቅ ታካሚ አጠገብ የቆምክበት ሰዓት ትንሽ ነው፣ ዓመቱን እሱ ላይ አውለው አልኩት። አልሰማኝም፤ ጓደኞቹ 518 አምጥተዋል። ደገመ። 510 መጣ። ሁለት ነጥብ ማንም ትምህርት ቤት የሚያስጨንቀው ልዩነት አይደለም። ቢሆንም በሁለት ቃለ መጠይቅ ላይ «512 ይዘህ ለምን ደገምከው?» ብለው ጠይቀውታል። የመጀመሪያው ላይ ሲንተባተብ ወጣ። ለሁለተኛው አብረን ተዘጋጀን። እውነቱን እንዲናገር ነው የተስማማነው፤ ራሴን ከጓደኞቼ ጋር አወዳድሬ ነው፣ አሁን ባላደርገው ይሻለኝ ነበር፣ እንዲል። እንዲሁ አለ። የተቀበለው ያ ሁለተኛው ትምህርት ቤት ነው።